ከፈረቃ እስከ ዩሮ፦ የቡልጋሪያ ድህነት ከየት መጣ?

የቡልጋሪያ ገንዘብ ሌቭ ይባል ነበር፤ በአሮጌው ቋንቋቸው አንበሳ ማለት ነው። ይህ አንበሳ በ2026 የመጀመሪያ ቀን ቦታውን ለዩሮ ለቀቀ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቀኑ ሲቃረብ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ለውጡን አይፈልግም ነበር። ለሩቅ ተመልካች ይህ ግራ ያጋባል። አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነች 19 ዓመት ሊሞላት ነበር፤ አብዛኛውን ሸቀጧን የምትሸጠው ለዚሁ ኅብረት ነው፤ የሌቩም ዋጋ ከዩሮ ጋር ከታሰረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ታዲያ ምኑን ፈሩት?

ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ቡልጋሪያዊ ገንዘቡ ሲቀልጥ ወይም ዜሮ ሲቆረጥለት ከአንድ ጊዜ በላይ አይቷል። በየጊዜውም ከዚህ በኋላ ይሻላል ተብሏል። ከ1989 ወዲህ ያለውን ዘመን በጅምላ «ፕሬሆድ» ይሉታል፤ ሽግግር ማለት ነው። እኛ አገር የሽግግር ዘመን ሲባል የሚታሰበን አራት ዓመት ነው። የእነሱ ግን መቼ እንዳበቃ፣ ጭራሽ ማብቃቱም ራሱ፣ ያከራክራል። ጎራ ለይተው የሚሟገቱትም በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለድህነቱ ተጠያቂው የወደቀው ሥርዓት ነው ወይስ የተተካው?

ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱን የሚያሳስት ይመስለኛል። ሁለቱም ወገን የሚዘለው ከ1990 እስከ 1997 ያለውን ሰባት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካውና ባንኩ በአመዛኙ የመንግሥት፣ ትርፉ ግን የግለሰቦች ነበር። የቡልጋሪያ ድሃ የተሠራው በዋናነት ያኔ ነው።

ፋብሪካው የሚያድለው

ቶዶር ዢቭኮቭ የኮሚኒስት ፓርቲውን ከ1954 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 1989 መሩ። በደርግ ጊዜ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ሶፊያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት ቡልጋሪያ የእሳቸው ቡልጋሪያ ናት። ከገበሬ አገርነት በአንድ ትውልድ ወደ ኢንዱስትሪ የተገፋች፣ ንግዷን ከሞላ ጎደል ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ጋር ያጣበቀች ትንሽ አገር ነበረች። ኮሜኮን የተባለው የእነዚህ አገሮች የንግድ ማኅበር ሥራ ሲያከፋፍል የኮምፒውተር ድርሻ ደረሳት። ዢቭኮቭ በተወለዱባት በፕራቬትስ በከተማዋ ስም የተሰየመ ኮምፒውተር ይመረት ነበር። ደንበኛው የታወቀ፣ ነዳጁ ከሞስኮ በርካሽ የሚመጣ ነበርና ዕቃው በዓለም ገበያ ይሸጥ አይሸጥ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሠራተኛው ከፋብሪካ የሚያገኘው ደመወዙን ብቻ አይደለም። የልጆች መዋያው፣ የምሳ አዳራሹ፣ ክሊኒኩ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለው የዓመት ዕረፍት ማሳለፊያ ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህን መያዝ ያስፈልጋል። በኋላ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚዘጋው የገቢ ምንጭ ብቻ አልነበረምና በደመወዝ መጠን የሚለካ የድህነት ቁጥር ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል።

ያ ዘመን ደግሞ ዛሬ አንዳንድ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት የጥጋብ ዘመን አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። መንግሥት የቱርክ ተወላጅ ዜጎቹን ስም በግድ አስለወጠ፤ በ1989 በጋ ድንበሩ ሲከፈት ከ300,000 በላይ ሰዎች ጓዛቸውን በመኪና ጣራ ላይ ጭነው ወደ ቱርክ ተሰደዱ። የትምባሆው አዝመራ በማሳ ላይ ቀረና ከየቢሮውና ከየትምህርት ቤቱ ሰው ለአጨዳ ተላከ። ዢቭኮቭ ሲወርዱ ያወረሱት የውጭ ዕዳ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

በማርች 1990 መንግሥት ይህን ዕዳ መክፈል አቆመ። ዕዳ የማይከፍል ብድር አያገኝም። በዚያው ሰሞን ኮሜኮን ፈረሰ፤ የሶቪየት ገዢ ጠፋ፤ ነዳጅም በዶላር ሆነ። የ1990 ክረምት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድሬይ ሉካኖቭ ስም «የሉካኖቭ ክረምት» እየተባለ እስከ ዛሬ ይወሳል። ሱቁ ባዶ፣ ስኳርና ዘይት በኩፖን፣ መብራት በሰዓታት ፈረቃ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆመ አንባቢ ከዚህ በላይ ገለጻ አያሻውም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። ሱቆቹ ወዲያው ሞሉ፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ናረና የሞላውን ሱቅ ሰው በመስኮት ያየው ጀመር።

ላሟ የማን ናት?

የገጠሩ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በማርች 1990 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ ያለፈቃዳቸው መልባና ወልባ በተባሉት የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ውስጥ የገቡ ገበሬዎች ማኅበሩን በራሳቸው እጅ በአጭር ጊዜ አፈረሱት፤ በሬውንም ተካፈሉት። ቡልጋሪያ ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ የእርሻ ኅብረቶቹን ያፈረሰው መንግሥት ነው። ከ1992 ጀምሮ በየመንደሩ «አፍራሽ ሸንጎ» ሊባል የሚችል ቡድን ተሾመ፤ ሥራው የኅብረቱን ንብረት ቆጥሮ መሸጥና ማከፋፈል ነበር። መሬቱ ደግሞ ከኅብረቱ በፊት ለነበሩት ባለቤቶች ወይም ለወራሾቻቸው እንዲመለስ ተወሰነ።

አሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ የተቀማ ይመለስ ማለት ነው። ነገር ግን ባለመሬቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ወራሾቹ አምስትና ስድስት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከተማ ገብተው መሐንዲስ ወይም አስተማሪ ሆነዋል። የደረሳቸው ቁራሽ መሬት ትራክተር የሚያዞር አይደለም። ድንበሩ እስኪለካ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ዓመታት አለፉ። በዚህ መሐል የጋራው በረት ጣራ ተገፈፈ፤ የመስኖ ቧንቧው ተነቅሎ ለብረት ነጋዴ ተሸጠ። ላም የደረሰው መኖ አጥቶ አረደ። በአሥር ዓመት ውስጥ የአገሪቱ በጎች ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። በእርጎዋ የምትታወቅ አገር ናት ይህች።

ኅብረቶቹን እንዲያ በጥድፊያ ያፈረሰው ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው የኮሚኒስቶቹ ተቃዋሚ ፓርቲ ፍርሃት ነበረበት፤ ገጠሩ የቀድሞዎቹ ኮሚኒስቶች የድምፅ ጎተራ ነበርና ኅብረቱ ሲፈርስ ድምፁም ይፈርሳል ብሎ አሰበ። ሒሳቡ ከሸፈበት፤ ኑሮ የከበደው ገጠር በ1994 ምርጫ ሶሻሊስት ለተባሉት ለእነዚሁ የቀድሞ ኮሚኒስቶች አብላጫ ሰጣቸው።

መግቢያና መውጫ

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ። ምሥራቅ አውሮፓ ሁሉ የመንግሥት ፋብሪካን ወደ ግል ለማዛወር ሲጣደፍ ቡልጋሪያ ዘገየች። መዘግየቱ ለሠራተኛው የተገዛ ጊዜ ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን በመዘግየቱ ውስጥ አንድ ንግድ በቀለ። ቡልጋሪያውያን «መግቢያና መውጫ» ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፋብሪካው የመንግሥት ነው እንበል። በመግቢያው በር አንድ የግል ኩባንያ ይቆምና ጥሬ ዕቃውን ከገበያ ዋጋ በላይ ለፋብሪካው ይሸጣል። በመውጫው በር ደግሞ ሌላ የግል ኩባንያ፣ አንዳንዴም ያው ኩባንያ በሌላ ስም፣ ምርቱን ከገበያ ዋጋ በታች ይገዛል። ሥራ አስኪያጁ የድርሻውን ያገኛል። ኪሳራው ፋብሪካው ውስጥ ይቀራል፤ ፋብሪካው የመንግሥት ነውና አይከስርም፤ ጉድለቱን የመንግሥት ባንክ በብድር ይሞላል። ስለዚህ ሠራተኛው ሥራ አልፈታም፤ ጢሱም ይጨሳል፤ ውስጡ ግን በየወሩ እየተቦረቦረ ነው።

ባንኮቹም ብድሩን ለፋብሪካ ብቻ አይደለም የሰጡት። ሰው ያለው ሰው ያለ በቂ መያዣ ይበደራል፤ አይመልስም፤ ግሽበቱ ዕዳውን ይበላለታል። እነዚህን ሰዎች ሕዝቡ «የብድር ሚሊየነሮች» አላቸው፤ እኛ እንደምንለው የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ናቸው። ጉልበቱን የሚሰጡትም ነበሩ። በሶሻሊዝም ጊዜ መንግሥት እየቀለበ ለሜዳልያ ያዘጋጃቸው የትግል ስፖርተኞች ድጎማው ሲቋረጥ ጠባቂም አስፈራሪም ሆነው ተቀጠሩ። ከሱቅ ባለቤት በየወሩ የሚሰበስቡት ገንዘብ ቆይቶ «ኢንሹራንስ» የሚል ስም ወጣለት፤ የዚህ «ኢንሹራንስ» ተለጣፊ ምልክት በመስኮት ላይ ካልታየ ሱቁ ያድራል ማለት ዘበት ነበር። ሕዝቡ «ሙትሪ» ይላቸዋል፤ ቃሉ ከፊት ይልቅ ለአፈሙዝ የቀረበ ነው። ሉካኖቭ ራሳቸው በኦክቶበር 1996 በደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ።

የ1997 ክረምት

በ1996 ነገሩ ፈነዳ። ባንኮች በተከታታይ ተዘጉ፤ ከአገሪቱ ባንኮች ሲሶ ያህሉ በአንድ ዓመት ወደቁ። ማዕከላዊ ባንኩ ሰው ገንዘቡን እንዳያሸሽ በሴፕቴምበር ዋናውን የወለድ ተመን 300 በመቶ አደረሰው። ማንም አላመነም። ከዚያ ላይ የእህል እጥረት መጣ፤ ቀደም ብሎ ስንዴው በገፍ ወደ ውጭ ተሽጦ ነበር፤ የ1996 አዝመራም ከፋ። ስንዴ አምራች በሆነች አገር ዳቦ የሰልፍ ዕቃ ሆነ።

የሌቩን መንገድ በአንድ ቤተሰብ ቁጠባ እንየው። በ1995 መጨረሻ አንድ ዶላር ወደ 70 ሌቭ ነበር። 70,000 ሌቭ ያጠራቀመ ጡረተኛ 1,000 ዶላር አለው ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 1997 አንድ ዶላር ወደ 3,000 ሌቭ ደረሰ። የጡረተኛው ገንዘብ፣ ወለዱን ብንተወው፣ 23 ዶላር ሆነ። በዚያ በአንድ ወር ብቻ ዋጋ 243 በመቶ ጨመረ። አማካዩ የወር ደመወዝ ከ30 ዶላር በታች ወረደ፤ ጡረታውማ አይነሳ። ብራችን በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ የደነገጥን ሰዎች ይህን መጠን ልብ ብንለው መልካም ነው። ብራችን እጥፍ ሲረክስ ነው የደነገጥነው፤ እዚያ ግን አርባ እጥፍ ነው።

ያኔ ብድር ያለበት ሰው ዕዳው በነነለት። ቁጠባ ያለው ሰው ቁጠባው በነነበት። ብድሩን ያገኙት ዘመድና ሥልጣን ያላቸው፣ የቆጠቡት ደግሞ አስተማሪና ነርስ፣ የባቡር ሠራተኛና ጡረተኛ መሆናቸውን ካስታወስን ግሽበቱ በአንድ ክረምት ሀብትን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወረ ማለት እንችላለን። ይህን ያደረገ ሕግ አልወጣም፤ ድምፅም አልተሰጠበትም።

ሶፊያ አደባባይ ወጣች። ጃንዋሪ 10 ቀን 1997 ሕዝቡ ፓርላማውን ከበበ፤ የተወሰነውም ሰብሮ ገባ፤ ሌሊቱን ፖሊስ በዱላ በተነው። ተማሪዎች በየቀኑ ተሰለፉ፤ መንገዶች ተዘጉ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሶሻሊስቶቹ አዲስ መንግሥት የማቋቋም መብታቸውን መለሱና ምርጫ ተጠራ።

ከምርጫው በኋላ በዓለም ገንዘብ ድርጅት ምክር ጁላይ 1 ቀን 1997 «የምንዛሪ ቦርድ» የተባለው ሥርዓት ቆመ። በዚህ ሥርዓት ማዕከላዊ ባንኩ በካዝናው የውጭ ገንዘብ ሳይኖረው አንዲት ሌቭ ማተም አይችልም ነበር፤ ለመንግሥትም አያበድርም ነበር። 1,000 ሌቭ በ1 የጀርመን ማርክ ተቸነከረ። ግሽበቱ በሚያስገርም ፍጥነት ቆመ። በ1999 ሦስት ዜሮ ተቆረጠና አንድ አዲስ ሌቭ ከአንድ ማርክ ጋር እኩል ሆነ።

ነገር ግን ብድሩ ሲደርቅ እስከዚያ በብድር ቆመው የነበሩት ፋብሪካዎች ወደቁ። አሁን ወደ ግል ማዛወሩ በጥድፊያ ሆነ። በሶፊያ ዳርቻ ያለው ክሬሚኮቭትሲ የተባለው ግዙፍ የብረት ፋብሪካ በ1999 ከነዕዳው በ1 ዶላር ተሸጠ፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ከስሮ እቶኑ ጠፋ። በ2001 ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ማንን መረጠ ቢባል ንጉሡን። በዘጠኝ ዓመታቸው በ1946 ከአገር የወጡት ዳግማዊ ስምዖን ተመልሰው ፓርቲ አቋቋሙ፤ በ800 ቀን ኑሯችሁ ይለወጣል አሉ፤ አሸነፉም፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆኑ። 800ው ቀን አለፈ። ንጉሥ የነበረ ሰው ያን ያህል ርካሽ ተስፋ ይሰጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ጠርሙሶቹ

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው እንዴት ኖረ? ለዚህ ሁለት መልስ አለ፤ ቤትና ጠርሙስ። በሶሻሊዝም ጊዜ አብዛኛው ቡልጋሪያዊ የሚኖርበት አፓርታማ የራሱ ነበር፤ ዛሬም ከአሥሩ ቤተሰብ ከስምንት በላይ በራሱ ቤት ይኖራል። ስለዚህ ደሞዝ ሲጠፋ ከቤት የሚያስወጣ አከራይ አልመጣም። ሁለተኛው ገጠር ያለችው አያት ናት። በበጋቸው ማለቂያ በየጓሮው እሳት ይነድዳል፤ ቃሪያው ይጠበሳል፤ ቲማቲሙ፣ ዱባው፣ ጎመኑ፣ ሥጋውም ሳይቀር በመስተዋት ጠርሙስ እየታሸገ ይቀቀላል። ጠርሙሱን «ቡርካን» ይሉታል። ሳጥን ሙሉ ቡርካን በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይላካል፤ በረንዳ ላይ ይደረደራል፤ ክረምቱ እሱ ነው። ከገጠር መጥቶ ሶፊያ የሚኖረውን ሰው የከተማው ልጅ «ቡርካን» ብሎ እስከ መሳደብ ደርሷል።

የገቢ ጥናት የሚሠራ ባለሙያ ይህን ጠርሙስ መቁጠር ይቸግረዋል፤ ፖለቲከኛው ግን ቆጥሮታል። ሕዝቡ በ30 ዶላር ደመወዝ አለመራቡ ታይቶ ጡረታውን ማሳነስ፣ ድጎማውን መቁረጥ ተቻለ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ጽዳት ሠራተኛዋም ባለ ባንኩም ከገቢያቸው እኩል 10 በመቶ ግብር ይከፍላሉ፤ ለድሃው ነፃ የሚተው የመጀመሪያ ገቢ የለም። በገቢ ልዩነት ቡልጋሪያ ከአውሮፓ ኅብረት አባላት ቁንጮ ላይ መገኘቷ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤቱም ቢሆን ግድግዳ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም። በ2013 ገደማ ከአሥሩ ሰው ከአራት በላይ በክረምት ቤቴን እንደሚገባ ማሞቅ አልችልም ይል ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት የመብራት ሒሳቡ ከጡረታው የሚበልጥ ሆኖ ሲመጣ ሰዎች ወረቀቱን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉ፤ ሰልፉ በየከተማው ተቀጣጠለ፤ ቫርና ላይ ፕላመን ጎራኖቭ የተባለ ተቃዋሚ ራሱን በእሳት ለኩሶ ሞተ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቦይኮ ቦሪሶቭ መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ።

ከሁሉ የባሰው የደረሰባቸው ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው (ከጣልያኗ ከተማ ጋር ዝምድና የላቸውም)። በኅብረት እርሻውና በግንባታው የጉልበት ሥራ ላይ ነበሩና መጀመሪያ የተባረሩት እነሱ ናቸው። መሬት ለቀድሞ ባለቤት ሲመለስ እነሱ ቀድሞም መሬት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የሚላክ ቡርካንም የለም። ዱፕኒትሳ በምትባል ከተማ የመብራት ኩባንያው ሌላ ሰፈር በሰው ቁመት የሚሰቅለውን ቆጣሪ በሮማ ሰፈር ስድስት ሰባት ሜትር ከፍ አድርጎ ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ ይሰርቃሉ ብሎ ነው። የፍጆታውን ቁጥር ማንበብ ያቃታት በሰፈሩ ሱቅ የነበራት ሴት ከሰሰች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2015 ድርጊቱ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ሊሆን እንደሚችል በየነ። ልብ በሉ፤ ከሳሿ እሷ ራሷ ሮማ አልነበረችም።

የቀረው መውጫ ስደት ነው፤ ለዚህም «ጉርቤት» የሚል የኖረ ቃል አላቸው፤ ዓረብ አገር የከረመ ሰው «ጉርባ» ሲባል ሰምቶ ይሆናል፤ ሥሩ አንድ ነው። ሴቶቹ ግሪክና ጣልያን ሄደው የሰው ሽማግሌ ያስታምማሉ፤ የራሳቸውን ሽማግሌ ደግሞ ጎረቤት ያይላቸዋል። ዳኑብ ዳር ያለችው የቪዲን አውራጃ የጎማና የኬሚካል ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ በኋላ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግማሽ ያህል ሕዝቧን አጥታለች። አገሪቱ በ1989 ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ2021 ቆጠራ 6.5 ሚሊዮን ተገኘ።

ለውጥ የለም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ2007 ኅብረቱን ስትቀላቀል የነፍስ ወከፍ ገቢዋ፣ የዋጋ ልዩነቱ ታስቦ፣ ከኅብረቱ አማካይ ግማሽ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ደርሷል። ሶፊያ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥሩ ይከፈለዋል፤ የፕራቬትስ ትምህርት ዘሩ አልጠፋም። ሥራ አጥነቱም ወርዷል፤ የወረደው በከፊል ሥራ የሚፈልገው ሰው አገር ጥሎ ስለወጣ ነው። ጠርሙሱን የምታሽገው አያት ግን እየሞተች ነው፤ የሚተካትም የለም፤ መንደሩ ባዶ ነውና።

ሌቩ ወደ ዩሮ የተቀየረው 1 ዩሮ በ1.95583 ሌቭ ነው። ይህ ቁጥር የተተመነው ለቡልጋሪያ አልነበረም። ጀርመን በ1999 ማርኳን ለዩሮ ስትተው የማርኩ ዋጋ ይህ ነበር፤ በ1997 ከማርኩ ጋር የተቸነከረው ሌቭ ቁጥሩን እንዳለ ወረሰውና ለ27 ዓመት አንዲት ነጥብ ሳያነቃንቅ ይዞት ኖረ።